በዘቢብ ዳቦው ሆድ ውስጥ

በለጥሽ ዳቦ ጋግሬ ሰው አስደነግጣለሁ ብላ አስባ አታውቅም። ዱራሜ እናቷ ቤት ሳለች የጋገረችው ዳቦ አንዳንዴ ሥሩ ያርር ነበር፣ አንዳንዴም መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ቢሆንም ሰው ይስቅባታል እንጂ ጎርሶ «ኢየሱስ!» ብሎ የጮኸ የለም። ይህ ጉድ የደረሰባት ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ነው፤ በኮሮናው ዓመት፣ በጥቅምት መገባደጃ፣ ያውም በእሁድ ምድር፣ ያውም በዕድሜዋ ከጋገረቻቸው ሁሉ ያማረውን ዳቦ ጋግራ።

ዳቦው የአገሯ ዳቦ አልነበረም፤ የማማ ኖራ ነው። ማማ ኖራ በለጥሽና ባሏ ሀቢሶ የተከራዩት የጓሮ ክፍል ባለቤት፣ ሰማንያን የተሻገሩ የአየርላንድ ሴት ናቸው። ባላቸው ለማዕድን ሥራ ሲመጣ ተከትለውት መጥተው፣ እሱን እዚሁ ቀብረው፣ እዚሁ አርጅተዋል። ፊዮና የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷ ግን ተመልሳ አየርላንድ፣ ኮርክ የሚባል ከተማ ነው የምትኖረው። አውሮፕላን ከቆመ ወዲህ እናትና ልጅ ፊት ለፊት የሚተያዩት በበለጥሽ ስልክ ነበር። የማማ ኖራ ስልክ ቁልፎቿ ትልልቅ ሆነው ከመደወልና ከመጥራት በቀር ሌላ ሙያ የላትም።

ወዳጅነታቸው የተጀመረው በእርሾ ነው። ሰው ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ በታገደበት በሎክዳውኑ መጀመሪያ ላይ መንግሥት መጠጥ ሲከለክል ጠጪው ሁሉ ቤቱ አናናስ መጥመቅ ያዘና እርሾ ከየሱቁ ድራሹ ጠፋ። ማማ ኖራ ደግሞ ዳቦ ካልጋገሩ ቀኑ የማይመሽላቸው ሴት ናቸው። ኩሽናቸው መስኮት ላይ ቆመው ለራሳቸው ሲያማርሩ በለጥሽ ሰማች። ሀቢሶ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ ስላለችው ከመደርደሪያ ጥግ የተረፉ የእርሾ ፓኬቶች ላከላት፣ እሷም በመስኮቱ አቀበለቻቸው። አሮጊቷ ፓኬቶቹን ደረታቸው ላይ ለጥፈው እንደ ሕፃን ተንከተከቱ። ከዚያ በፊት ከ«ሄሎ» በቀር ምንም ያልነበራቸው ሰዎች፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አንዳቸው ያለ አንዳቸው ሻይ የማይጠጡ ሆኑ። በለጥሽ ትገዛላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ታመጣላቸዋለች፣ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን አንኳኩታ መንቃታቸውን ታያለች። ፊዮናም ይህንኑ አምና ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።

በለጥሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህን ግን ጮክ ብላ አትናገረውም። ከዚህ በፊት ሁለቴ ጸንሳ ሁለቴም ወርዶባታል። አንደኛው አገር ቤት ነበር፣ ሌላው እዚሁ፣ በዚህችው የጓሮ ክፍል፣ ከኮሮናው በፊት። የአሁኑ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ሲራገጥ ዓለም የእሷ ይሆናል፣ ትንሽ ዝም ካለ ደግሞ ነፍሷ ከሥጋዋ ትላቀቃለች። ሱቁ ቢዘረፍ፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው ባይታደስ፣ ቫይረሱ ቢይዛቸው፣ ሁሉም እንደምንም ይቻላል። የማይቻለው ይህን ልጅ ማጣት ብቻ ነበር።

ማማ ኖራ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል። ሰማያዊዋ ባለ ነጭ አበባ ቀሚሷ ሆዷ ላይ አልዘጋ ሲላት፣ ከታች ጫፏን ቆርጠው በጎኗ ቀጥለው አሰፏት። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተቆላልፈው መርፌ ለመያዝ እንኳ እንዴት እንደሚሰቃዩ ያየ ሰው፣ ያቺ ቀሚስ ስንት እንደፈጀች ያውቃል። በለጥሽ ከዚያ በኋላ ያቺን ቀሚስ ከላይዋ አላወለቀችም ማለት ይቻላል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ የመንገዱ ዳር ዛፎች በሐምራዊ አበባ ተሸፍነው ሳለ፣ ማማ ኖራ ጠሯት።

«ቤሊ፣» አሏት፤ በለጥሽ ማለት አፋቸው ላይ አልገባ ብሎ እንዲያ ነው የሚጠሯት፤ «በዚህ ሰሞን አገሬ ሰው ሁሉ ብራክ ይጋግራል። ዘንድሮ እጄ እጅ አይደለም። አንቺ ታቦኪያለሽ፣ እኔ እለፈልፋለሁ።»

ብራክ ማለት የዘቢብ ዳቦ ነው። በለጥሽን መጀመሪያ ያስገረማት ግን አሠራሩ ነው። አርብ ማታ አሮጊቷ ጥቁር ሻይ አፈሉ፤ በለጥሽ ልትጠጣ ስትጠብቅ ሻዩን አንስተው ዘቢቡ ላይ ገለበጡት። በለጥሽ «ምነው!» ብላ ብድግ አለች። ማማ ኖራ ሳቁ። ሻይ ለዘቢብ ሲቀርብ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ጠዋት ስታየው ዘቢቡ ጠጥቶ ጠጥቶ፣ ተነፋፍቶ፣ እንደ ወይን ፍሬ አብጦ አገኘችው። ከዱቄቱ፣ ከቅቤው፣ ከዕንቁላሉ፣ ከቀረፋውና ከብርቱካን ልጣጩ ጋር አዋህዳ አቦካችው። ማማ ኖራ ወንበር ላይ ሆነው «ትንሽ ወተት፣ በቃ፣ በቃ አልኩሽ!» እያሉ ያዝዛሉ፣ በመሃሉም ያስላሉ። ሳሉን ዱቄቱ ነው አሉ። ሊጡ ኩፍ ሲል ደግሞ በለጥሽን ገፍተው አስወጧት።

«ሂጂ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ጋደም በይ። መጋገሪያ ቆርቆሮው ውስጥ እኔ እጨምረዋለሁ።»

ጋደም ብላ ስትመለስ ሊጡ መጋገሪያው ውስጥ ተስተካክሎ፣ ላዩ ለስልሶ ጠበቃት። አሮጊቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ፈገግ ብለዋል።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። ብቻ ቀስ ብላችሁ አኝኩ። ቃል ግቢልኝ። ነገ ስትበሉ እኔም መጥቼ አያችኋለሁ።»

በለጥሽ ቃል ገባች። አሮጊት ሁሉ ቀስ ብላችሁ ብሉ ነው የሚለው፤ እሷም ከዚያ ያለፈ ነገር አልጠረጠረችም። መብራት ሳይሄድባቸው ዳቦው በሰለ። ከኦቨኑ ሲወጣ የደረቱ ቀለም የቆላ ማር ይመስል ነበር። ማማ ኖራ ለራሳቸው አልቆረሱም፤ ሙሉውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው ለእንግዶችሽ ብለው ሰጧት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሀቢሶ ከካትሌሆንግ ባኪ በሚሏት የጭነት ፒክአፑ መጣ። ሳምንቱን የሚያድረው ሱቁ ውስጥ ስለሆነ እሁድ ለእነሱ የቤተሰብ ቀን ናት። ከጎኑ እህት አስካለች ተቀምጣለች። አስካለች የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት መሪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ዘመናት አልፈዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመናኑን በዋትስአፕ ስታስጸልይ ከርማ፣ አሁን እገዳው ትንሽ ሲላላ በየቤቱ እየዞረች ትጠይቃለች። ማስክ አድርጋም ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በለጥሽ ሁለተኛው ሲወርድባት ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተኝታ ያስተዛዘነቻት እሷ ናት።

እጃቸውን ሳኒታይዘር አሽተው ተቀመጡ። በለጥሽ ማማ ኖራን ጠበቀች፣ ቀሩ። ተኝተው ይሆናል ብላ ተወቻቸው። ሀቢሶ ጸለየና ዳቦውን ቆረሰው።

«እኔ ነኝ የጋገርኩት፣» አለች በለጥሽ፣ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት።

«እጅሽ ይባረክ፣» አለች አስካለች፣ ሽታውን ብቻ አሽትታ።

ሀቢሶ ጎረሰ። አኘከ። ሁለተኛውን ሲጎርስ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማና ፊቱ ተኮማተረ። ከአፉ በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ወረቀቱን ሲፈታው ጭንቅላቱ የተቆረጠ የክብሪት እንጨት ነው።

በለጥሽ በእፍረት ክው አለች። ሊጥ ውስጥ ክብሪት ጥላ! «ይቅርታ፣ እንዴት እንደገባ…» ብላ ሳትጨርስ አስካለች አፏን ያዘች። ጥርሷ አንድ ጠንካራ ነገር አግኝቷል። እሷም ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ውስጥ የነሐስ ቀለበት ነበር፣ መጋረጃ ላይ ከሚንጠለጠሉት ዓይነት። ሦስቱም ተያዩ። ክብሪት በስህተት ይገባል። ቀለበት ግን በወረቀት ተጠቅልሎ በስህተት ዳቦ ውስጥ አይገባም።

በለጥሽ ያኔ የራሷን ቁራሽ አፏ ውስጥ ይዛ ነበር። ክር ምላሷ ላይ ተጠመጠመ። በጣቷ ስትስበው መጣ፤ ወረቀቱ ተቀዶ ስለነበር መፍታት አላስፈለጋትም። ቁራጭ ጨርቅ ነው። ሰማያዊ፣ ነጭ አበባ ያለው።

ጨርቁን አየች። ቀሚሷን አየች። እንደገና ጨርቁን አየች። ሳታስበው ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ሄደ።

«አትዋጪ!» ብላ ጮኸች አስካለች፣ «ትፊው! በኢየሱስ ስም፣ ትፊው!»

በለጥሽ ተፋችው። ቀድማ የዋጠችው ግን ነበር፤ አንድ ጉርሻ፣ ምናልባትም ሁለት። እሱን ስታስብ ዓይኗ ጨለመ።

«ማን ነው የጋገረው?»

«እኔ ነኝ…» አለች።

«ብቻሽን?»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደረጉት አሮጊት ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ሂጂ ጋደም በይ ያሏት። ቀስ ብላችሁ አኝኩ ያሏት። ለራሳቸው አንዲት ቁራሽ እንኳ ያልቀመሱት። የትናንቱ ደግነት ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱን አዙሮ ሌላ ነገር ሆነ።

«ኧረ ተዪ እህት አስካለች፣» አለ ሀቢሶ፣ «እኚህ ሴትዮ ለእኛ እናት ናቸው። አንድ ምክንያት ይኖረዋል።»

«እሺ ምክንያቱን ንገረኝ! ከሚስትህ ቀሚስ ጨርቅ ተቆርጦ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አፍ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛ አገር መተት እንለዋለን፣ እዚህ ሙቲ ይሉታል። ስሙ ነው የተለያየው።» ድንገት ወደ በለጥሽ ዞረች። «ሁለተኛው የወረደብሽ የት ሆነሽ ነው?»

ሦስቱም ያሉባትን ክፍል ግድግዳ አዩ።

ሀቢሶ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ፊቱ አመድ መስሎ ተነሳና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረ። ሰው ለራሱ ሲሆን ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ሄዶ በር ያንኳኳል። ለልጁ ሲሆን ግን ማጣራቱ ራሱ አደጋ ይመስለዋል። አስካለች የተረፈውን ዳቦ በጓንት አንስታ በፕላስቲክ አሰረችው፣ መንገድ ላይ ያለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥም ጣለችው። በለጥሽ ቀሚሷን አውልቃ ሌላ ለበሰች። ሰማያዊዋን መሬት ላይ ተወቻት።

ዕቃቸውን ባኪው ላይ ሲጭኑ የዋናው ቤት ኩሽና መስኮት ተከፈተ። ማማ ኖራ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ተበታትኗል፣ መሃረብ አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ቤሊ?»

በለጥሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ሮጣ ሄዳ «ምን አደረጉኝ?» ልትላቸው ፈለገች። ግን ሆዷን በሁለት እጇ ሸፍና ፊቷን አዞረች። አሮጊቷ ወደ ውጭ አልወጡም። መሃረቡን ሳያነሱ በሌላኛው እጃቸው በአየሩ ላይ ገፋ ገፋ አደረጉ፤ ሂዱ፣ ሂዱ እንደሚል ሰው።

«አየሽ?» አለች አስካለች፣ «እንደተነቃባት አወቀች። እያባረረችን ነው።»

ባኪው ተነሳ። በለጥሽ ደህና ሁኑ አላለችም።

ያረፉት እህት አስካለች ቤት ነው፣ ከተማ መሃል ካለ ፎቅ ላይ። አስካለች አልጋዋን ለቀቀችላት፣ ራሷ መሬት ላይ ተኛች፣ ሆዷን ዘይት ቀባቻት፣ ጾመችላት። የዚያን ዕለት ሕፃኑ ለረጅም ሰዓት አልተነቃነቀም ነበር። በለጥሽ በጎኗ ተኝታ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ በተረከዙ ሲገፋት ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። አስካለች ጸሎቱ ነው አለች። በለጥሽም አመነች፤ ሌላ ምን ልታምን?

ግን ጠዋት ጠዋት ስትነቃ እጇ የሚያንኳኳው መስኮት ይፈልግ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሳምንቱ ሊጋመስ ሲል፣ ምሳ ላይ፣ ስልኳ ጠራ። የፊዮና ፎቶ ነው የወጣው፣ በቪዲዮ።

«አታንሺው፣» አለች አስካለች። ወዲያው ደግሞ ሐሳቧን ለወጠች። «ወይም አንሺውና በግልጽ ገስጪያት!»

አነሳችው። ፊዮና እየሳቀች ነበር።

«ቤሊ! ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እስከዛሬ ላንቺ ያልደወልኩት። በይ ንገሪኝ፣ ቀለበቱ ለማን ወጣ?»

በለጥሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ምን?»

«ቀለበቱ! የብራኩ ቀለበት! ማሚ እኮ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ስለ እሱ ነው ያወራችኝ። አልነገረችሽም? አልነገረችሽማ! ድንገት አፋችሁ ውስጥ ስታገኙት ፊታችሁን ማየት ነበር የፈለገችው።» ፊዮና ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «የልጆች ጨዋታ ነው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ። በዚህ ሰሞን ዳቦው ውስጥ ዕቃ ይደበቃል። እንጨት የደረሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር ይጨቃጨቃል፣ ቀለበት የደረሰው ዓመት ሳይሞላ ያገባል።»

አስካለች ከኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። እጇ ሳታውቀው አፏ ላይ ሄደ፣ ቀለበቱን የነከሰው ጥርሷ ጋ።

«ጨርቁስ?» አለች በለጥሽ።

«ጨርቅ ድህነት ነው በእኛ አገር። ማሚ ግን ለእናንተ ትርጉሙን ቀይራዋለች። ‹ሕፃኑም ከጨዋታው አይቅር› ብላ ከዚያች ካሰፋችልሽ ቀሚስ ቁራጭ ከተተች። ጨርቁ የደረሰው ሰው ሕፃኑን ከሁሉ ቀድሞ ያቅፋል፣ አለችኝ። ለማን ወጣ?»

በለጥሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሰማያዊዋ ቀሚስ ጓሮው ክፍል ወለል ላይ ተጥላ ታየቻት። በአየሩ ላይ የሚገፋው እጅ ታያት። ያንን እጅ ምን ብላ እንደተረጎመችው ታያት።

«ለእኔ፣» አለች።

«በጣም ጥሩ! በይ እስቲ ማሚን አቅርቢልኝ። ስልኳን አታነሳም፤ ከእሁድ ጀምሮ እየደወልኩ ነው። የት እንደምትጥለው አይታወቅም። አንቺ አጠገቧ ስላለሽ ነው እንጂ እብድ እሆን ነበር።»

እዚህ ላይ ነው በለጥሽ እውነተኛውን ድንጋጤ የቀመሰችው። የእሁዱ ቢያንስ ያንቀሳቅሳል፣ ያስጮኻል፣ ያስሮጣል። ይህኛው ግን አድርቆ አስቀራት። ከእሁድ ጀምሮ። ማንም አላንኳኳም። ማንም መድኃኒት አልወሰደም።

«እደውልልሻለሁ፣» ብላ ዘጋችው።

ዞር ስትል አስካለች ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። «ተነሺ፣» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። ተነሺ!»

ታክሲ ይዘው በረሩ። መንገድ ላይ በለጥሽ ለሀቢሶ ደወለች፣ ሀቢሶም አምቡላንስ ጠራ። ሮዘተንቪል ሲደርሱ የኩሽናው መስኮት እሁድ እንደተከፈተ ነው፤ መጋረጃው ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። በለጥሽ የበሩን እጀታ ያዘች።

«አትግቢ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ ግን የማማ ኖራ ድምፅ ነው።

በመስኮቱ አጮለቀች። አሮጊቷ ሶፋው ላይ ተጋድመዋል፤ ፊታቸው ሰልሎ አፍንጫቸው ብቻ ቀርቷል። ደረታቸው በየትንፋሹ ይናጣል። ስልካቸው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ካሉበት ሆነው እጃቸው በማይደርስበት።

«አትግቢ ቤሊ። ይዞኛል። ልጁን አስቢ።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «እሁድ ጠዋት ትኩሳቱ ጀመረኝ። ልነግርሽ መስኮቱን ብከፍት ዕቃ ስትጭኑ አየሁ። ሳሌን ሰምተው ነው፣ አልኩ። ደስ አለኝ። ሂጂ፣ ሂጂ አልኩሽ በእጄ፣ አየሽኝ አይደል?»

በለጥሽ መስኮቱን ይዛ ቆመች። እንባዋ ማስኳን አረጠበው።

«ብልህ ልጅ፣» አሉ ማማ ኖራ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሉኝታ ይዞት ይቀመጥ ነበር። አንቺ ልጅሽን አዳንሽ። ጎበዝ እናት ነሽ።»

አንድ ሰው በጥፊ ቢመታት ይቀላት ነበር። ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት፣ ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ ቢሏት ትችለው ነበር። ምስጋናውን ግን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። ይህ ልጅ ሲወለድ፣ ሲያድግ፣ ስለ እሱ የተባለው የመጀመሪያው መልካም ቃል ውሸት ላይ የቆመ ሊሆን ነው።

አምቡላንሱ መጣ። ነጭ ቱታ የለበሱ ሁለት ሰዎች አሮጊቷን በቃሬዛ አወጧቸው፣ የኦክሲጅን ጭንብልም ፊታቸው ላይ አደረጉላቸው። በለጥሽና አስካለች አጥሩን ተጠግተው ቆሙ።

«ምንም አትንገሪያት፣» ብላ አንሾካሾከች አስካለች፣ እጇን ይዛ። «እግዚአብሔር ያውቀዋል። እሷ ግን በጥሩ ልብ ትሂድ። እውነቱ ምን ያደርግላታል?»

ልክ ነበረች ይሆናል። በለጥሽ ራሷ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ልክ ነበረች ብላለች።

ቃሬዛው አጠገባቸው ሲደርስ ማማ ኖራ ጭንብሉን በተቆላለፉት ጣቶቻቸው ከፍ አደረጉት። ዓይናቸው ውስጥ ያቺ የቅዳሜዋ ተንኮል ብልጭ አለች።

«ዳቦውስ? አገኛችሁት?»

«አገኘነው።»

«ሳቃችሁ?»

ሠራተኞቹ ቆመው እየጠበቁ ነው። አስካለች እጇን ጨመቀቻት። «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። በለጥሽ ከዚያች ቃል ጋር ታገለች፤ ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ ተገላበጠ።

«አልሳቅንም፣» አለች። «ፈራን። ሳልዎን ሰምተን አይደለም የሄድነው፤ ማማ፣ አልሰማንም። ሙቲ ነው ብለን ነው። ልጄን ሊገድሉብኝ መስሎኝ ነው።»

ማማ ኖራ መጀመሪያ ሳቁ። የመሰላቸው ቀልድ ነው፤ ቤሊ ቀስ በቀስ እንግሊዝኛውን ለምዳ ቀልድ የጀመረች መሰላቸው። ከዚያ ፊቷን አዩ፣ አጥሩን ተደግፋ አንገቷን የደፋችውን ሴትዮም አዩ፣ ሳቁም ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። አፋቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ። በዚያ ሁሉ በሽታ ያልደነገጠ ፊት አሁን ደነገጠ።

«እኔ?» አሉ።

ሠራተኛው ጭንብሉን መለሰላቸው። ቃሬዛው ተገፋ፣ በሩ ተዘጋ።

በለጥሽ ለተዘጋው በር «ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ በአማርኛ፤ እንግሊዝኛው በዚያ ሰዓት ጠፋባት። አምቡላንሱ እየጮኸ መንገዱን ታጥፎ ሄደ። አስካለች እንኳ ጸሎት አልጀመረችም። ስልኩ በለጥሽ እጅ ውስጥ ይነዝር ጀመር፤ ከኮርክ ነው። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አነሳችው።